አንድ ሽፋን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ

ከጠዋቱ 12፡10፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር

ደሴ ጉም ውስጥ ናት። እናቴ «ጌታ ይቅደምልህ» ብላ ሸኘችኝ፤ ምን እንደያዝኩ አልጠየቀችም። የያዝኩት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ውስጡ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ መዳፍ የሚያህል ስስ ሽፋን። ኤሌክትሪክ ውሃን ሃይድሮጂንና ኦክስጅን አድርጎ ሲከፍለው ጋዞቹን የሚለያያቸው እሱ ነው። ከውጭ እስኪመጣልኝ ሰባት ወር ጠብቄያለሁ፤ ሌላ የለኝም። ዛሬ በውዱ ታይታኒየም ፋንታ በተለበጠ የማይዝግ ብረት መካከል አስሬ፣ ይዘልቅ እንደሆነ አያለሁ።

1፡00፣ ሐረጎ

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አጠገቤ ያሉት እናት ሳጥኑን አዩ።

«ዓሣ ነው ልጄ?»

«አይደለም እማማ፤ ከውሃ ጋዝ ማውጫ ነው።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ጋዝ ከሆነ እዚሁ ውረድልኝ!»

ሁሉም ሳቀ። ላስረዳ አፌን ስከፍት ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ።

2፡30፣ ኮምቦልቻ

ጋሽ ሰይድ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ መካኒክ ናቸው። ብረቶቼን በፕሬስ ሊያስተካክሉልኝ የተስማሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ውሃ ከነደደማ ባሕሩ ምን ይተርፈዋል!» አሉ እየሳቁ፣ ከውሃ የሚነድ ጋዝ እንደሚወጣ ስነግራቸው።

ብሎን ልገዛ ስወጣ፣ ሽፋኑ እንዳይደርቅ ንጹህ ውሃ እንዲጨምሩበት ነገርኳቸው። ስመለስ ሳጥኑ ጢም ብሏል።

«ከየት ቀዱት ጋሼ?»

«ከበርሜሉ። ውዱእ የማደርግበት ነው፤ ወላሂ ጠሃራ ነው!»

ለሶላት ንጹህ ነው። ለሽፋኑ ግን በውሃው ውስጥ ያለው ኖራ መርዝ ነው። «የባትሪ ውሃ» ብላቸው ኖሮ የተጣራ ውሃ ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸው ነበር፤ የጋራዥ ቃል ነው። እኔ ብቻዬን ከመጽሐፍ ስለተማርኩ የመጽሐፉን ቃል ተናገርኩ።

«ቆሻሻ ነው ልትለኝ ነው?» ፊታቸው ጠቆረ።

«አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

5፡00

ሽፋኑን በቀጠነ የባትሪ አሲድ አሞቅነው፤ ደጋግመን አጠብነው። እንደሚያድነው አንብቤያለሁ እንጂ ሞክሬው አላውቅም። ከዚያ በብረቶቹ መካከል አስረን ኃይል ሰጠነው። አረፋው ተግተለተለ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ ጎረቤት ያለውን ብየዳ ሠራተኛ ሳይቀር ጠሩ።

እኔ የማየው ቆጣሪውን ነበር፤ 2.1 ቮልት። ባለበት ከቆመ ሽፋኑ ድኗል፤ ከፍ ካለ እየሞተ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም። በሰው ሁሉ ፊት ደስ ብሏቸው ነበር።

«አንተ ሂድ፣ መኪና ያመልጥሃል። እኔ አየዋለሁ» አሉኝ ከሰዓት በኋላ።

11፡40፣ ደሴ መናኸሪያ

ከመኪና እንደወረድኩ ለጋሽ ሰይድ ደወልኩ።

«ቆይ፣ መነጽሬን...» ከወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማኛል። «ሁለት ነጥብ አራት! ከፍ ከፍ እያለልህ ነው፤ አብሽር!»

ረዳቶች «ቦሩ ሜዳ! ቦሩ ሜዳ!» ይላሉ። ጆሮዬን በእጄ ከለልኩ።

«ሰማኸኝ? ልተወው፣ ይጨምር?»

«ያጥፉት ጋሼ» አልኩ። «ለዛሬ ይበቃዋል።»