የሁለት ከተማ መካኒክ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ የቢቸና ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ እኛና ሞጣ አንድ መካኒክ በጋራ ቀጠርን። ሁለቱም ከተሞች ውኃ የሚስብ ሞተር ነበራቸው፤ ለየብቻ ባለሙያ ለመቅጠር ግን አቅም አልነበራቸውም። በስምምነቱ ቀን ከንቲባችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ተረቱ፤ እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት።

የኛ ሞተር ሲቆም መካኒኩ ሞጣ ነው፤ የሞጣው ሲቆም ቢቸና ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከቆሙ ደግሞ መንገድ ላይ፣ ጉንደ ወይን፣ ጭቃ ይዞታል። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ።

በዓመቱ ትብብሩ ፈረሰና ሥራው በኮንትራት ለግል ሰው ይሰጥ ተባለ። ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ያመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያው መካኒካችን። ሥራውን በለቀቀ በሳምንቱ ኮንትራቱን ይዞ ሞተሩን እንደ ሰዓት አስኬደው።

«ምነው፣ ያኔ እንዲህ ሳትሠራው ቀረህ?» አሉት ከንቲባው።

«ያኔማ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

ወዲያው የሞጣንም ኮንትራት ያዘ። ስለዚህ በክረምቱ የኛ ሞተር ሲቆም መካኒኩ እንደ ልማዱ ሞጣ ነበር።

በአራተኛው ቀን የቦኖው ጠባቂ፣ እናቴን የሚያህሉ ባልቴት፣ ሞተር ቤቱን ከፍተው ገቡ። መካኒኩ ሲሠራ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆመው አይተዋል። የተበጠሰውን ቺንጋ አውጥተው መጠባበቂያውን አስገቡና ሞተሩን አስነሡት። ውኃው ሲመጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ከቢሮ ወጥቼ አጨበጨብኩ።

ከሰዓት በኋላ ከንቲባው ጠሩኝ። «የኮንትራክተሩን ሥራ ያለ ፈቃድ ነክተዋል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍላቸው።»

«ውኃው እኮ መጣ፣ ጌታዬ።»

«መምጣቱንማ አውቃለሁ፤ እኔም ጠጥቻለሁ። ጻፍ!»

ጻፍኩ፤ ማኅተም አሳረፍኩበትና ይዤላቸው ሄድኩ። ፊደል አልቆጠሩምና «እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ወረቀቱን ገለጥኩ። «ማዘጋጃ ቤቱ ስለ በጎ ሥራዎ ያመሰግንዎታል» ብዬ አነበብኩ። ደብዳቤውን ሳሙት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ። «የነፍስ አባቴም ደብዳቤውን አነበቡልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የተማሩ ሰው ናቸው» አሉ ባልቴቷ ሳቃቸውን አፍነው፤ «ግን ንባብ እንዳንተ አይሆንላቸውም።»

መካኒኩ ወሬውን ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ደስ ብሎት የቢቸናውን ሞተር ለባልቴቷ ተወና ጠቅልሎ ሞጣ ገባ። ኮንትራቱ በስሙ እንዳለ ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ «ሥራው ለግል ባለሙያ በመሰጠቱ አመርቂ ውጤት ተገኝቷል» ብዬ ሪፖርት የጻፍኩትም እኔው ነኝ።