ጋሽ መቀስና ተኳሿ

ሴትየዋ ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ፣ የአስተናጋጅ ሸሚዝና የእንግዳ ሱሪ ስትተኩስ ጠጉሯ ሸብቷል። ከካውያው የሚወጣው እንፋሎት ፊቷን ስለሚያወዛው የሥራ ጓደኞቿ «አንቺ እኮ አታረጂም፤ ፊትሽንም አብረሽ ነው የምትተኩሺው» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም መልስ አታጣም። «ኑ እናንተንም ልተኩሳችሁ፤ ጨርቁ ከቻለ» ትላቸዋለች።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነበር። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው። አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተሳሰረ። ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ይውላል። ንግግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ጨዋታው ግን የት እንደገባ ጠፋ። መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይመሻል።

ፎቶ ማንሳት የጀመረችው ያኔ ነው። እንቅስቃሴ የሚያሠራው ባለሙያ «ለውጡን እንድናይ አልፎ አልፎ በስልክሽ አንሺው» አላት። ሲቀመጥ አነሳችው፣ ሲቆም አነሳችው፣ በግራ እጁ ማንኪያ ሲይዝ አነሳችው። እያደር ባለሙያው ያላዘዘውንም ማንሳት አመጣች፤ ማጅራቱ ላይ ያረፈውን የከሰዓት ብርሃን፣ ግድግዳው ላይ የወደቀ ጥላውን። ያገባች ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ ስልኩን ስታገላብጥ፣ «እማ፣ ይሄ እኮ ያምራል! የፎቶ ወዳጆች ግሩፕ አለ፣ ላስገባሽ» አለቻትና እሺታዋን ሳትጠብቅ አስገባቻት። ስም ምረጪ ስትባል ሴትየዋ ብዙም ሳታስብ «ተኳሿ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ አንዱ «እንኳን ደህና መጣሽ። ወታደር ነሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«የለም» አለች፤ «እኔ የምተኩሰው ሸሚዝ ነው።»

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። በዚያው ቤተኛ ሆነች።

የባሏን ፎቶ በለጠፈች ቁጥር ልብና አበባ ይዘንብላት ጀመር። «ዋው!» «እጅሽ ይባረክ!» «እንዳንቺ ያለች ሚስት ትብዛ!» ይሏታል። በምሳ ሰዓት ከካውያው አጠገብ ቁጭ ብላ እያነበበች ፈገግ ትላለች። የሚያስታምም ሰው ምስጋና ብርቁ ነው።

በግሩፑ ውስጥ ግን ሁሉም የሚፈሯቸው አንድ ሰው ነበሩ። ማተሚያ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። የማንንም ፎቶ ሲያዩ «ይህን ቁረጠው፣ ያንን ቁረጪው» ስለሚሉ አባላቱ ጋሽ መቀስ ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት ተቀብለውታል። ሰላምታ የላቸውም፣ አበባ አይልኩም። የራሳቸውን ፎቶ ደግሞ ማንም አይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ባሏ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲያንጎላጅ የሚያሳይ ፎቶ ለጠፈች። አበባው ዘነበ። ከአበባው መሃል እንዲህ የሚል ወጣ፦

«የፎቶዎችሽ ብርሃን ጥሩ ነው። ግን ሁሉንም ከላይ ወደ ታች ነው ያነሳሻቸው። ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ብለሽ አንስተሽዋል? — መቀስ»

ደሟ ፈላ። አንዳንድ አባላት «ጋሽ መቀስ፣ ዛሬስ አበዙት» አሉ። እሷ ስትጽፍ ስታጠፋ፣ ስትጽፍ ስታጠፋ ቆየችና በመጨረሻ አንዲት መስመር ላከች፦ «እርስዎ በሽተኛ አስታመው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» የሚል መልስ መጣ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። የዚያን ቀን የአንድ እንግዳ ሸሚዝ ኮሌታ አሳረረች፤ ከስንት ዘመን በኋላ መሆኑ ነው። «ማነው ያናደደሽ?» አለቻት የማጠቢያ ክፍሏ አለቃ። «መቀስ» አለች። አለቃዋ እጇን የቆረጣት መስሏት ፕላስተር ፍለጋ ሮጠች።

ከዚያ ወዲህ ግሩፑን ከፍታ ማየት ተወች። ፎቶም ተወች።

በእረፍቷ ቀን የባሏን የእግር ጥፍር ልትቆርጥለት ባልዲ ደፍታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሞቅ ያለ ውሃ አቅርባ፣ እግሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትቆርጥ ቆይታ ቀና ብትል ትክ ብሎ እያያት ነው።

«ምን ሆንክ? አመመህ?»

«አላመመኝም» አለ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳ። «ፊትሽን እያየሁ ነው።»

«ዛሬ ገና አየኸው?»

«ከታመምኩ ወዲህ የማየው አገጭሽን ነው። ስታለብሺኝ አገጭ፣ ስታጎርሺኝ አገጭ። አንዳንዴ አፍንጫሽን ከሥር አያለሁ።» ትንሽ አሰበና፣ «እሱ እንኳ ብዙም አያምርም» አለ።

ሳቀች። እየሳቀችም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያ ሰውዬ የጻፈው ትዝ አላት፤ ንዴቷ አልወጣላትም፣ ግን ትክክል ነበር። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ስልኳን አወጣችና ከባልዲው ሳትነሳ አነሳችው። ፎቶው ላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ፤ ትከሻው ሰፊ፣ አገጩ ቀና ያለ፣ ከራሱ በላይ ደግሞ ጤነኛ ሳለ ራሱ የቀባው ሰማያዊ ኮርኒስ። ከንፈሩ ላይ ያቺ የአፍንጫ ቀልድ ገና አልጠፋችም።

ለጠፈችው። የጋሽ መቀስ መልስ ብዙ አልቆየም። «አሁን ሰውዬውን አየሁት። ሰማያዊው ኮርኒስ ግን ዓይን ይሻማል።»

ለባሏ አነበበችለት። ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። «ኮርኒሴን አይንካ በይው! ያንን ቀለም ያዋሃድኩት እኔ ነኝ!»

እሷም ቀስ በቀስ የሰው ፎቶ ላይ አስተያየት መስጠት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ እንደ ጋሽ መቀስ ለመሆን ሞከረች። አንዲት አዲስ እናት የሕፃኗን ፎቶ ስትለጥፍ፣ «አልጋው ተዝረክርኳል፣ ልጁ አይታይም» ብላ ጻፈች። ልጅቱ ወዲያው ፎቶውን አጠፋችው። ተኳሿ ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለና ለብቻዋ ጻፈችላት፦ «ይቅርታ ልጄ። እኔም ስወልድ ቤቴ እንደዚያ ነበር። ምኑን ልታሳዪን ፈልገሽ ነው?» «እጁን» አለች ልጅቱ፤ «ጣቴን ጭብጥ አድርጎ ሲይዝ።» «እንግዲያው ጠጋ በይና እጁን ብቻ አንሺልን።» ከዚያ ወዲያ ሳትጠይቅ አስተያየት ሰጥታ አታውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ጋሽ መቀስ የራሳቸውን ፎቶ ለጠፉ። የተከፈተ በር፣ ከበሩ ወዲያ ጨለም ያለ የእንጨት ሥራ ክፍል ይታያል። ከሥሩ «አስተያየት» የሚል አንድ ቃል። መስመሩ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ የሚቆረጥ ነገር የሌለው ፎቶ ነው። የሚፈሩ ሰው ስለሆኑ ሁሉም «ዋው!» «ድንቅ!» ብሎ አለፈ።

ተኳሿ ግን ደጋግማ አየችው። አንድ ነገር አልዋጥ አላት። «ጋሽ መቀስ፣ ይፈቀድልኝ» ብላ ጻፈች። «በሩ ላይ ለምን ቆሙ?»

መልስ መጣ፦ «የታናሽ ወንድሜ ክፍል ነው። አናጢ ነበር። ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ካረፈ ወዲህ አልገባሁበትም።»

እሷ ያንን «አውቃለሁ» የሚለውን አንድ ቃል እያሰበች ካውያዋን ነቅላ ተቀመጠች። ምን እንደምትል ብዙ ካወጣች ካወረደች በኋላ «ሲችሉ ይግቡ። እኛ አለን» ብላ ላከች።

ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛ ፎቶ መጣ። የተንሻፈፈና የደበዘዘ ነው፤ አቧራ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ አንድ ወንበር። ጋሽ መቀስ ራሳቸው ከሥሩ «እጄ ተንቀጥቅጧል። ፎቶው ተበላሽቷል። እንዳታባብሉኝ» ብለዋል።

«አላባብልዎትም፣ ተበላሽቷል» አለች ተኳሿ። «ግን ወንበሩ ሦስት እግር ብቻ ነው ያለው። አራተኛውን ሳይሠራ ነው ያረፈው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ተመልሰው ይግቡና ወንበሩን ብቻ ያንሱልን። ዝቅ ብለው ደግሞ።»

ገቡ። ከዚያም በኋላ ገቡ። አንድ ጊዜ መጋዙን፣ አንድ ጊዜ በእርሳስ የተሰመረ ጣውላ፣ አንድ ጊዜ የወንድማቸውን የሥራ ሽርጥ ከተሰቀለበት ሚስማር ጋር አነሱ። አንዳንዱ ፎቶ ጥሩ ነበር፣ አንዳንዱ አልነበረም፤ አባላቱም የመሰላቸውን ይነግሯቸዋል። «ይሄን ይቁረጡት» ያላቸውም አልጠፋም። ያቺ አዲስ እናት ናት።

ባሏ አሁን በምርኩዝ እስከ ደጅ ይወጣል። ስልክ በግራ እጁ መያዝ ለምዶ እሱም ግሩፑ ውስጥ ገብቷል። ለራሱ ያወጣው ስም «ግራ ገባው» ነው። የሚያነሳው ግድግዳ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ግድግዳ፣ የሱቅ ግድግዳ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ በደንብ ያልተቀባ።

ጋሽ መቀስ «ግድግዳውን አየን። ሰው የለበትም ወይ?» ብለው ጻፉበት።

«ሰው ያበላሸው ግድግዳ ነው። ከዚህ በላይ ምን ሰው ይፈልጋሉ?» አለ እሱ።

ክርክሩ ገና አልተቋጨም። ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትወጣ እንኳ በግራ አውራ ጣቱ ፊደል እየለቀመ መልስ ይጽፋል። «ቁርስህ ይቀዘቅዛል» ትለዋለች።

«ቆይ እስቲ» ይላታል፣ ቀና ሳይል፤ «ይሄ ሰውዬ ስለ ቀለም ምንም አያውቅም።»