ምርቃቱ ሳያልቅ የጠፋው መብራት

ብዙ ጊዜ ያልበራውን የእንግዳ ክፍል መብራት ዛሬ ጠዋት ባበራው፣ አምፖሉ ላይ የተኛው አቧራ ሞቆ ሸተተ። ልጄ «እማዬ፣ የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው!» ብላ ሮጣ መጣች። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። ያንን ሽታ ከሽቶ አስበልጬ የምወድ ሴት ነኝ፤ ወጣትነቴ በሙሉ እንዲያ ነው የሚሸተው።

ነቀምቴ ውስጥ የቴአትር ክበብ ነበረን። እኔ መድረክ ላይ መውጣት ስለማልደፍር፣ ከአዳራሹ ኋላ ከፍ ባለች ጠባብ ክፍል ሆኜ መብራት አበራ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ የመብራት ማዘዣ ኮንሶል መጣልን። ሰዓቱን አንዴ ከሞሉለት ራሱ ያበራል፣ ራሱ ያጠፋል። አዘጋጃችን እንዴት እንደኮራበት! በሰፈራችን በበከኒሳ ቀሴ ያለ ሰው ሁሉ «አውቶማቲክ» የምትለውን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቷታል።

ቴአትራችን በሠርግ የሚያልቅ ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ሙሽሮቹን ይመርቃሉ፤ ምርቃቱ ሲያበቃ መብራቱ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ሽማግሌውን ሆነው የሚጫወቱት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በከተማው እውነተኛ ሠርግ ላይም ተጠርተው የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። ምርቃት ለእሳቸው ጨዋታ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ በመጀመሪያው ትርኢት፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከሲሬም ከአንገር ጉቲንም በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ነበሩ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «ትዳራችሁ ይባረክ» አሉ፤ «ጎጇችሁ ይሙቅ» አሉ፤ ገና «ልጅ...» ሲሉ ድርግም! «ውይ!» አለ ሕዝቡ። አንዱ ከኋላ «ኧረ እዚህም መብራት ሄደ!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው።

ሽማግሌው አልሳቁም። እኔ ያለሁበት ድረስ ወጥተው፣ «ኢንተላኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምርቃት አፌ ላይ ተቆርጦብኝ አያውቅም። ልጅ ይስጣችሁ ልል ስል ሙሽሮቹን ጨለማ አለበስናቸው! ነገም እንዲህ ከሆነ እኔ የለሁበትም» አሉኝ። እሳቸው ከሌሉ ደግሞ ቴአትሩ የለም፤ ለነገው ሰው ተጠርቷል።

እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ተሰበሰብን። ሶኬቱን ቀየርን፣ ገመዱን ፈተሽን፣ ምስኪኑን ስታብላይዘር አማነው። የሞላነውንም ሰዓት አዘጋጁ እንደገና አየው፤ ትክክል ነው። ሽማግሌውን ለምነን አስመረቅናቸው። ኮንሶሉ ምን የመሰለ ጨዋ ሆነ መሰላችሁ! ልክ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» ብለው እጃቸውን ሲያወርዱ፣ መብራቱም ለስለስ ብሎ ወረደ። «አያችሁ፣ ድኗል!» አለ አዘጋጁ። እኔ ግን አላመንኩም። «እስቲ አንዴ ይድገሙልን፣ አባቴ» አልኳቸው።

እየደገሙ ሳለ ሙሽራዋን የምትጫወተው ልጅ የተቀቀለ አንጮቴ በሳህን ይዛ ገባች። ምርቃት ስትሰማ እንደ ልማዷ ቆም ብላ «ሃ ታኡ!» አለች፤ ይሁን ማለቷ ነው። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው፣ እስክትመልስ እየጠበቁ ቀጠሉ። እሷም ለእያንዳንዱ «ሃ ታኡ»። እና ድርግም!

ለካ! ሰዓቱን ስንሞላ አዘጋጁ «ዝም በሉ፣ ሰዓት እየያዝኩ ነው!» ብሎ ሁላችንንም አፋችንን አስይዞን ነበር፤ ቅድምም ዓይናችን ኮንሶሉ ላይ ስለነበር «ሃ ታኡ» ያለ የለም። በኛ አገር ደግሞ ተመርቆ ዝም የሚል ማን አለ? ቅዳሜ ለእያንዳንዱ ምርቃት ግማሹ «ሃ ታኡ»፣ የጸሎት ቤቱ ሰው «አሜን»፣ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩት ደግሞ «አሚን» ሲሉ፣ ሽማግሌው የሁሉንም ጠብቀው ነበር። ኮንሶሉ ግን ማንንም አልጠበቀም።

«በቃ፣ ሰዓቱን እንጨምርለት» አለ አዘጋጁ።

«ምን ያህል? ሕዝቡን ማን ይለካዋል?» አልኩት። የመጨረሻዋን ትእዛዝ ከአውቶማቲክ አውጥቼ ከጣቴ ሥር አደረግኳት። እሱ «አውቶማቲክ ነው ብዬ ለከተማው አውርቼ!» እያለ ራሱን ያዘ።

ከሰዓት፣ በትርኢቱ መጨረሻ፣ ሽማግሌው ፈራ ተባ እያሉ ጀመሩ። «ልጅ ይስጣችሁ» ሲሉ ቀና ብለው መብራቱን አዩት። አለ! ሕዝቡ «ሃ ታኡ!» አለ፤ አሜኑ ተከተለ፣ አሚኑ ተከተለ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ከብቱን መረቁ፣ አዝመራውን መረቁ፣ የሲሬን መንገድ ሳይቀር መረቁ። አዘጋጁ ጆሮዬ ሥር «አጥፊው፣ ኧረ አጥፊው!» ይለኛል። እኔ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ከሕዝቡ በላይ አሻግረው ወደኔ አዩ። «እዚያ ላይ ያለችውን ልጄንም ሥራ ይስጣት። ጥሩ ባል ይስጣት። ልጅ ይስጣት፤ ልጇንም ታቅፌ ልመርቅ!» አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እያየኝ «ሃ ታኡ! አሜን! አሚን!» አለ። እንባዬ እየወረደ ነው መብራቱን ያጠፋሁት፤ ቀስ አድርጌ፣ ከእጃቸው ጋር።

ሥራው መጣ። ባሉም መጣ፣ ጥሩ ነው ደግሞ። ልጄ ስትወለድ ግን እሳቸው ካረፉ ቆይተው ነበር። ያ ሁሉ ሰው ይሁን ካለው ውስጥ «ታቅፌ ልመርቅ» ያሉት ብቻ ሳይሆን ቀረ።

ዛሬ አምፖሉን ወልውዬ ስጨርስ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። «ታዲያ አንቺ በእሳቸው ፈንታ መርቂኛ» አለችኝ። እጄን ዘርግቼ ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ እሳቸው ትዝ አሉኝና ቆም አልኩ። ልጄ ጠበቀችኝ፤ ስጨርስ «ሃ ታኡ» አለች።