ከኋላ ጎማ ሥር የተሰበረው ሲንቄ

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከደራ አለፍ ብሎ በሞተር ስሄድ ገጨኝ። ከዚያ ወርዶ አየኝ። በሕይወት መኖሬን ካረጋገጠ በኋላ ጋቢናው ውስጥ ተመልሶ ገባና ሊጨርሰኝ በኋላ ማርሽ መጣብኝ።

በደሉ ይኸው ነው። መግጨቱን ይቅር እል ነበር። መንገድ ነው፤ ፍሬን እምቢ ይላል፣ ዓይን ይጋረዳል፣ ሰው ይጠጣል። የኋላ ማርሽ ግን በስህተት አይገባም። እኔ ሜካኒክ ነኝ፣ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ማርሽ አውቀዋለሁ። ጉልበት ይፈልጋል፤ ሰውየው አስቦበት፣ ትከሻውን ጥሎበት ነው የሚያስገባው። ስለዚህ እኔ ከዚያ ሰው የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፦ «ልገድልህ ነበር» ብሎ በአፉ እንዲናገር። ከተናገረ በኋላ ምን እንደማደርገው ደግሞ ለራሴ አውቅ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ናዝሬት ውስጥ ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። አባቴ ከሩቅ አገር መጥቶ ወንጂ አገዳ ሲቆርጥ የሞተ ሰው ነው፤ ዘመድ የሚባል ነገር አልተወልኝም። ፊደልም አልቆጠርኩም ነበር። ብሎን በዓይኔ ለክቼ እፈታለሁ እንጂ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን አላነብም። የዚያን ቀን ኢተያ ለሚሠራ አንድ የእርሻ ሠራተኛ የጠገንኩለትን ሞተር ላደርስ ነበር የወጣሁት። ደራን አለፍኩ። ከአሰላ በኩል ገብስ የጫነ ኤንትሬ ይመጣል። ፊቱ የፈረስ ጋሪ አለ። ጋሪውን ቀድሞ ለመውጣት ወደኔ መስመር ገባ። ጥሩምባ እንኳ አልነፋም።

ሞተሯ ከሥሬ ሄደች። ጭኔ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ አገዳ በጉልበት ላይ ሲሰበር ያለው ድምፅ ነው። ስወድቅ አፌ በደምና በአፈር ተሞላ። ቀና ብዬ ሳይ አጥንቴ ሱሪዬን ቀዶ ወጥቷል። ነጭ አይደለም አጥንት፣ ሰው ነጭ ነው ይላል፤ የኔ ሐምራዊ ነበር። ጋሪው ፈረሱ ደንብሮ ወደ ማሳ ገብቶ ጠፍቷል። መኪናው አልፎኝ ቆመ። ሰውየው ወረደና አጠገቤ መጣ። አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል።

«ወንድሜ፣ አንሳኝ» አልኩት።

መንገዱን ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። ከዚያ ቁልቁል ተመለከተኝና «አልሞትክም እንዴ?» አለኝ። የገዛው ዕቃ ተበላሽቶ እንዳገኘ ሰው ነው ያለው። ተመልሶ ሄደ።

ያኔ በሹፌሮች ዘንድ የሚነገር ነገር ነበር፦ የሞተ አንዴ ይለቀስለታል፣ የተሰበረ ግን ዕድሜ ልኩን ይከስሃል። ጋራዥ ውስጥ ሲቀልዱበት ስሰማ እኔም እስቅ ነበር። ማርሹ ሲንቋረር ስሰማ ሳቄ ትዝ አለኝ። በክርኔ ልሳብ ሞከርኩ። እግሬ አልተከተለኝም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አፈር እየቆረጠሙ መጡ።

ሴቶቹን መጀመሪያ አላየኋቸውም፣ እልልታቸውን ነው የሰማሁት። በዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ቀርቶ ስለነበር የአርሲ ሴቶች እርጥብ ሳርና ሲንቄ ይዘው ዝናብ ሊለምኑ ወደ ወንዝ እየወረዱ ነበር። ሲንቄ እናት ለልጇ በሰርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው። ለመደገፊያ አይደለም፣ ለመምቻም አይደለም። ሁለት ሰዎች ሲጋደሉ ሴት ሲንቄዋን መሃላቸው ካስገባች ጦሩም ጎራዴውም ይወርዳል። ያን አልፎ የሚመታ ወንድ በዚያ አገር ሰው አይባልም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያየሁት አንዲት አሮጊት ከግራዬ ሮጣ መጥታ በትሯን በኔና በጎማው መሃል መሬት ላይ ስታጋድም ነው።

ጎማው በላዩ ሄደ። ቀጭ አለ። ሌሎቹ ሴቶች የመኪናውን የጭነት ጎን፣ ስፖንዳውን፣ በመዳፋቸው እየመቱ ጮኹ፤ መኪናው ከእግሬ ስንዝር በማትሞላ ቦታ ቆመ።

ሰውየው ወረደ። የተሰበረውን በትር በጫማው ገፋ አደረገና «ለዱላ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?» አለ።

ወዲያው ከማሳው ወንዶች ደረሱበት። የመጀመሪያው በቁመጥ አፉን አለው፤ ጥርሱ ሹራቡ ላይ ሲወድቅ አየሁ። ወደቀ። በእርግጫ ጎድኑን ሲሉት ጩኸቱ እንደ ፍየል ነበር። እኔ ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንዱ ማጭድ አነሣ። ያኔ ሴቶቹ ያልተሰበሩትን ሲንቄዎች ይዘው ገቡና ከበቡት። «ዲሲ!» አለች አሮጊቷ፣ ተው ማለት ነው። ማጭዱ ወረደ። ሰውየው በአራት እግሩ ድሆ ጋቢና ገባና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

«ለምን አስጣሉት?» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በል ኢልማ ኮ፣ ደምህን ለጩኸት አታውጣው» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። መቀነቷን ፈትታ ከጭኔ በላይ አሰረችው፣ ጉልበቷን ተክላ ስታጠብቀው ሽንቴን ለቀቅሁ። የማላውቃቸው ሰዎች በእንጨትና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ደራ አደረሱኝ። ከደራ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከመቀመጫ ተነሥቶ አጋደሙኝ፤ ማን ተነሣ፣ ማን ጭንቅላቴን ያዘ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አመሰግናለሁ ለማለት ፊት ያስፈልጋል፤ እኔ ያየሁት እጅ ብቻ ነው።

ናዝሬት ሆስፒታል ተኛሁ። ክፍሉ ከግንባር በመጡ ቁስለኞች ተሞልቶ ነበር። እግር የሌለው ስለ እግሩ እየጮኸ፣ ዓይን የሌለው መብራት አብሩልኝ እያለ። እኔ ሁለት እግር ይዤ መጮህ አፍሬ ፎጣ እነክስ ነበር። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሰውየው የሰጠውን ቃል ነገረኝ፦ ሞተረኛው ከጎማዬ ሥር ገባብኝ፣ ላነሣው ስወርድ ባላገር ደበደበኝ።

«በኋላ ማርሽ መጥቶብኛል» አልኩ።

«ማን አየ?»

«ሴቶቹ።»

«ዝናብ ለማኞቹ?» ብሎ ሳቀ። ማንንም ሳይጠይቅ ሄደ።

ያን ለት ልገድለው ተነሣሁ። የምሬን ነው፣ ከአልጋ ወርጄ ልሄድ። ሁለተኛውን እርምጃ ሳልጨርስ ወደቅሁና መግጠም የጀመረው አጥንት ተናጋ። ሁለት ሰዎች ትከሻዬን ይዘው፣ ሐኪሙ እግሬን ስቦ መልሶ አቃናው። የስድቡ ዓይነት! የሐኪሙን እናት፣ የራሴን እናት፣ ማርያምን ሳይቀር ሰደብኩ። ጄሶ እስከ ወገቤ አለበሱኝ። ሲያስወጡኝ ጋራዡ በቦታዬ ሰው ቀጥሮ ቆየኝ።

በር ላይ አሮጊቷ ጋሪ ይዛ ቆማለች።

«የት ነው የሚወስዱኝ አዴ?» አልኩ፤ እናቴ እንደማለት ነው።

«ቤቴ። ለዝናብ ወጥቼ አንተን አገኘሁ፤ ምን ላድርግ፣ የሰጠኝን ይዤ እገባለሁ።»

ደራ ዳር ያለች ቤታቸው ውስጥ መደብ ላይ ተጋደምኩ። ወተት አጠጡኝ፣ አጠቡኝ፣ ገለበጡኝ። እዚያው ተጋድሜ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ እየመጣ ፊደል አስቆጠረኝ። ቀን «ሀ ሁ» እላለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ከጋራዥ ልብሴ ኪስ ያገኘሁትን ካቻቪቴ በደንጊያ እስላለሁ። ብሎን መፍቻው እንደ መርፌ ሆነ።

ሽማግሌዎች ስለተሰበረው ሲንቄ ሁለት ጊዜ ናዝሬት ድረስ ሰውየው ዘንድ ሄዱ። መጀመሪያ ጊዜ በሩን ዘጋባቸው። ሁለተኛ ጊዜ «የዱላ ነገር ከሆነ አዲስ አስቆርጥላቸዋለሁ» ብሎ ሳቀባቸው። ያን በሰሙ ማግስት ሴቶቹ ወጡ። እንዲህ ነው ሥርዓታቸው፦ ሲንቄ ከተዋረደና አዋራጁ ካልካሰ ሴት ቤቷን ትታ ትወጣለች። እሳቱን፣ ላሟን፣ ባሏን ትታ። ተክሰው እስኪለመኑ አይገቡም። ደራ መውጫ፣ መንገዱ ላይ፣ በስተወዲያም በስተወዲህም ተቀመጡ።

እኔ ከአሮጊቷ ባል ጋር ቤት ቀረሁ። ሽማግሌው በዕድሜው ድስት ነክቶ አያውቅም። ገንፎ ሊያገነፋ ተነሥቶ እጁን አቃጠለ፤ ያገነፋውን ውሻው አሽትቶ ትቶት ሄደ።

«ሰማህ አንተ፣» አለኝ የተቃጠለ ጣቱን እየላሰ፣ «ሚስቴ አንተን አዳነችና እኔን ገደለች። መኪናው ቢጨርስህ ኖሮ ይሄኔ ቁርሴን በልቼ ነበር።»

«ይቅርታ አባባ።»

«ይቅርታህን ብላው። ጨው አለበት?»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃ አንግቶ ሴቶቹ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው በጋሪ ጭኖኝ ስለነበር በዓይኔ አየሁ። «አብዮት ፈንድቶ እናንተ ዛሬም ዱላ ታመልካላችሁ? ተነሡ! መንገድ መዝጋት ፀረ አብዮት ነው!» አለ። ማንም አልተነሣም። ከፊቱ የተቀመጠችውን ሴት በሰደፍ ደረቷን ገፋት፤ ወደኋላ ወደቀችና ቀና ብላ እዚያው ተቀመጠች፣ ክርኗ እየደማ። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ። ፈረሶች ደነበሩ። ከሴቶቹ መሃል አንዲት ባልቴት ዞር አለች፤ እናቱ ናት።

«ጨረስክ?» አለችው። «እንግዲህ ወደ ቤት ግባና ላሚቱን እለባት፤ ጡቷ ሊፈነዳ ነው።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ሊቀመንበሩ ሄደ፤ ያልባት አይልባት አላውቅም።

መኪና በሁለቱም በኩል ተደረደረ። ያገሬው ሹፌር ሲንቄ አያልፍም፤ የሌላ አገሩም ያ ሹፌር ያደረገውን ሰምቶ ስለነበር አልደፈረም። ድንች ጫኙ ድንቹ ሊሸት፣ በሬ ጫኙ በሬው ሊሞት። በመጨረሻ ሹፌሮቹ ራሳቸው ናዝሬት ሄደው ሰውየውን ከጠጅ ቤት አንገቱን አንቀው አመጡት። ሲያወርዱት አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። እነሱም መትተውታል።

ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተቀመጡ። እኔ ጄሶዬን ዘርግቼ ከሰውየው ፊት ለፊት። ካቻቪቴው ጋቢዬ ውስጥ ነው።

«ሲንቄ ሰብሬያለሁ፣» አለ ሰውየው፣ «አላወቅሁም፣ ጥፋቴ ነው። በሬ አምጥቼ አርዳለሁ።»

«እሱስ?» አለ አንዱ ሽማግሌ እኔን እያመለከተ።

«እሱ ራሱ ነው የገባብኝ።»

አሮጊቷ ተነሣች። የሲንቄዋን ሁለት ስባሪ ከነጠላዋ አወጣችና ፊቱ ጣለችው።

«ይህን በምን ሰበርከው?»

«በጎማ።»

«በየትኛው?»

ሰውየው ስባሪዎቹን ትቶ ወደተደረደሩት መኪኖች ዞረ።

«እኔ ያስቀመጥኩት ከመኪናህ ኋላ፣ ባንተ ጎማና በዚህ ልጅ መሃል ነው። ወደፊት የሚሄድ መኪና ከኋላው ያለ በትር እንዴት ይሰብራል? በል አስረዳን፣ እኛ መንዳት አናውቅም።»

ከሹፌሮቹ አንዱ «ተናገር እንጂ አንተ፣ ድንቼ በሰበሰ!» ብሎ ጮኸ።

ሰውየው ግንባሩን ጠረገ። ሲንቄውን እንዴት እንደሰበረ ሳይናገር ካሳው አይያዝለትም፣ ካሳው ካልተያዘ መንገዱ አይከፈትም፣ መንገዱ ካልተከፈተ ሹፌሮቹ አይለቁትም። ወጥመዱን ዙሪያውን አየና መውጫ አጣ።

«የኋላ ማርሽ አስገባሁ» አለ።

«ለምን?»

«እንዲሞት።»

ይህን ለመስማት ነው የኖርኩት። ሰማሁ፣ ግን ደስታ አልመጣም፤ እጄ ብቻ መጣ። በአንድ እግሬ ተወርውሬ ወጋሁት። ካቻቪቴው ክንዱን ስቶ ሹራቡን ቀደደና ጎድኑን ጫረው፤ ደሙ ጣቴን ሲነካው ሞቀኝ። ላዩ ላይ ወድቄ ለጉሮሮው ሳነሣ ደረቴ ላይ አንድ ነገር አረፈ። ቀጭን ነው፣ ክብደት የለውም። አሮጊቷ ለዚያ ቀን የተቆረጠላትን አዲሱን ሲንቄ አጋድማብኛለች።

«ዲሲ ኢልማ ኮ።»

ያ የተሰበረው በትር ባይኖር ጎማው በጭንቅላቴ ላይ ነበር የሚሄደው። ሹፌሩ አልፎታል። እኔም ባልፈው ከሱ የሚለየኝ አረንጓዴ ሹራቡ ብቻ ነበር። አለቀስኩ፣ ሰደብኳት። ከዚያ ካቻቪቴውን እግሯ ሥር ጣልኩት።

«ይቅር በል» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ለሱ አልልም። ለሷ ብዬ ግን አልነካውም» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩና ይበቃል አሉ። በሬው ታረደ፣ ደሙ መሬቱን ነካ፣ ሴቶቹ ሳራቸውን ይዘው ተነሡ። መኪኖቹ ሞተር አስነሡ። ሽማግሌው ባሏ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ቤት ገሰገሰ፣ እራት ሊጠብቅ።

ዛሬ በግራ እግሬ አነክሳለሁ። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ሰው ሳይ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ነገሩ ግን ያለቀው በሬው በታረደበት ቀን፣ ሰኔ 14 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው።