የባሌ ሱሪ የነገረኝ

ባሌ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ብስክሌት ከደጅ ደጅ እየዞረ፣ የብረት ክዳን እያነሳና እያጎነበሰ ቁጥር ሲጽፍ ኖሯል። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ «ቆጣሪው» ነው የሚለው። እኔም «የቆጣሪው ሚስት» ነኝ። የራሴ ሥራ አለኝ፤ ፍራሽ ቤት ተቀጥሬ ፍራሽና ትራስ እሰፋለሁ። ግን ምን ይደረጋል፣ ስም የሚወጣው ለሚዞር ሰው ነው እንጂ ለሚቀመጥ አይደለም።

ስለ እሱ የምጽፈው ትልቅ ሰው ሆኖ አይደለም። እኔም ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ስለ ትልቅ ሰው መጻፍ አላውቅበትም። ስለ ሱሪ ግን አውቃለሁ። ዕድሜዬን የእሱን ሱሪ ስጠግን ኖሬያለሁና።

ሥራውን ይወዳል። ለሌላው ሰው ቁጥር የሆነው ለእሱ ወሬ ነው። ቁጥሩ ከልክ በላይ ዘሎ ካገኘው በር አንኳኩቶ «እማማ፣ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰብዎት ነው፣ ያስፈትሹት» ይላል። ቀንሶ ካገኘውም ያንኳኳል። አንዴ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንድ አዛውንት ቆጣሪ እንደ ወትሮው አልንቀሳቀስ ብሎ ቢያገኘው ዘልቆ ገባ፤ ሰውዬው ታመው፣ ቧንቧው ድረስ መሄድ አቅቷቸው ተኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በዚያ በኩል ያልፋል። «መንገዴ ነው» ይላል። መንገዱ አይደለም።

የብስክሌቷ ኮርቻ እንደ እኛው አርጅቶ ነበር። ቆዳው ተቀዶ፣ ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ተሰንጥቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በገመድ አስሮት ነበር የሚነዳው። ቀይረው ስለው «ገና ነው፤ እኔና እሱ አብረን ጡረታ እንወጣለን» ይለኛል። ጡረታው ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ስንጥቁ ሥጋውን ሲቆነጥጠው እያየሁ ሁለት ዓመት ዝም ልል ነው? አንድ ቀን ሳልነግረው ገበያ ወርጄ አዲስ ኮርቻ ገዛሁለት።

እንዴት መረጥሽው ብትሉኝ፣ እንደ ፍራሽ ነው የመረጥኩት። የተደረደሩትን አንድ በአንድ በቡጢዬ ደቃሁ። አንዱ ሰፊ፣ ወፍራም፣ እጅ የሚውጥ ነው። ሻጩም «እትዬ፣ ይሄ እኮ ኮርቻ አይደለም፣ ሶፋ ነው!» አለኝ። የሃያ ዓመት ፍራሽ ሰፊ እጅ አይሳሳትም ብዬ እየኮራሁ ይዤው ገባሁ።

ባሌ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ራሱ አሰረውና ግቢውን አንዴ ዞሮበት መጣ።

«እንዴት ነው?»

«አንቺ! ደመና ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ።»

በየማታው ራት ላይ እጠይቀዋለሁ። «ደመናው እንዴት ዋለ?» «ደህና ዋለ፣ ይመስገን።» ነገራችን ሁሉ እንደዚያ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ማምሸት ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ይጨርስ የነበረውን ዙር አሥራ አንድ ሰዓትም አይጨርሰውም። «እግሬ ነው፤ ዕድሜ ነው» አለኝ። አመንኩት። ዕድሜ እኔንስ መች ማረኝ? ከዚያ አንድ ቀን ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። የክፍል ኃላፊው ጠርቶት «በመጪው ወር ዙርህን በሰዓቱ ካልጨረስክ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። አንተ መዝገብ ቤት ቁጭ ትላለህ» ብሎታል። መዝገብ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም።

«መቀመጥ እኮ አይከፋም» አልኩት ላጽናናው። «ታርፋለህ።»

«እነዚያ አዛውንትስ? ማን ያንኳኳላቸዋል?» አለና ዳቦውን ገፋ አደረገው።

ፍራሽ ቤት ትራስ የምትሞላ ባልደረባ አለችኝ፤ ምላሷ ከመርፌዬ የባሰ ነው። በማግስቱ ገና ሥራ ሳልጀምር «ስሚ አንቺ፣ ባልሽና ብስክሌቷ ተጣሉ እንዴ?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«በእግሩ እየሄደ እንደ በግ ሲጎትታት አየሁት። ዳገት ነው ብዬ እንዳልፈው ቁልቁለት ላይ ነው! ሰው ቁልቁለት ላይ ብስክሌት ይጎትታል?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ልቤ ግን አልሳቀም። እግሩ የደከመ ሰው ቁልቁለት ላይማ ይቀመጣል እንጂ ከብስክሌቱ አይወርድም።

እሑድ ጠዋት እሱ ግቢ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ ሱሪዎቹን ለመጠገን መስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ። የሥራ ሱሪውን ወደ ብርሃኑ ዘርግቼ ሳየው እጄ ቀጥ አለ። መቀመጫው ላይ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሳሳው፣ በግራ። በጭኑ ውስጥ ውስጡን ደግሞ ጨርቁ ተፈግፍጎ ተፈግፍጎ ወንፊት ሆኗል። ሮጬ ከቁራጭ ጨርቅ ከረጢቴ የዱሮ ሱሪውን አወጣሁ። እሱ ላይ ከኋላው ሁለት ክብ ጥጋኝ አለ፣ የገዛ እጄ ሥራ፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ እኩል። ሃያ ስድስት ዓመት በሁለቱም በኩል እኩል ሲቀመጥ የኖረ ሰው፣ በእኔ ደመና ላይ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ሲብስበት ይወርዳል። እኔን ላለማሳፈር ብሎ ዙሩን ሊያጣ ነው።

መጮህ አማረኝ፤ አልጮህኩም። ክር አምጥቼ በዱሮው ሱሪ ላይ ከአንዱ ጥጋኝ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለካሁና በሁለቱም ጫፍ ቋጠርኩት።

ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ በምሳ ሰዓት ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። እጁ ሁልጊዜ በግራሶ የጠቆረ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ክሩን ሰጠሁት።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ?»

«የባሌ አቀማመጥ ነው።»

ክሩን ዘርግቶ አየውና ሳቁን ለቀቀው። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ የሰውን መቀመጫ በክር ቋጥሮ ያመጣልኝ ሰው የለም! ጋሼ ያውቃሉ?»

«ቢያውቅማ ምን ያስመጣኛል?»

የገዛሁለትን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ለሱቅ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ስፖንጁ በጣም ሲለሰልስ አጥንቱ ይሰምጣል፣ ሥጋው በጎን ይነሳል። ሲሰፋ ደግሞ ጭን ይፈገፍጋል። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው የሚያርፈው በሁለቱ አጥንቶቹ ላይ ነው፤ አጥንት የሚፈልገው ደግሞ የሚሸከመው ነገር ነው።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ጀርባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ሁሉ «ለስላሳ ፍራሽ ይቅርብዎ፣ ይሰብርዎታል» እያልኩ ጠንካራ ስሰፋ ሃያ ዓመቴ ነው። የማላውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? ለባሌ ሲሆን ነው እውቀቴ የጠፋኝ። ለሚወዱት ሰው ለስላሳ ነው የሚያምረው።

ሦስት ኮርቻ አውጥቶ ደረደረልኝ። የመጀመሪያው ቀጭን ነው፤ ክሩን አጋድሜ ስለካበት ቋጠሮዎቹ ከጫፉ ውጭ ተንጠለጠሉ። ሁለተኛው ልኩ ሆነ፣ ግን ስፌቱ ቋጠሮዎቹ የሚያርፉበት ላይ ነው የሚያልፈው። «ይሄ ስፌት በወሩ ይተረተራል፤ እስኪተረተርም የባሌን ቆዳ ይልጠዋል» አልኩት። ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ አየና «እውነትሽን ነው፣ አላየሁትም» አለ። ሦስተኛው ተራ ጥቁር ቆዳ ነው፣ ዓይን አይስብም። ሁለቱ ቋጠሮዎች ሰፋ ባለው ኋላው ላይ ልክ ገጥመው አረፉ። በቡጢዬ ደቃሁት፤ ጥቂት ገባና መልሶ ገፋኝ። ገለበጥኩት፤ ቆዳው ከሥሩ በሙጫ ብቻ ሳይሆን በምስማር ተመትቷል። ሁለቱ ብረቶች ወፍራም ናቸው፣ ሞላው አይንቋቋም።

«ይሄ እስከ መቃብሩ ያደርሰዋል» አልኩ።

«ኧረ እትዬ፣ ያስኖረዋል በይ!»

ማታ ባሌ ሲገባ ኮርቻውን ጠረጴዛው ላይ አገኘው፤ አጠገቡ ሁለቱ ሱሪዎች ተዘርግተዋል። አየት አደረገኝ፣ ሱሪዎቹን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? የሰጠሽኝ ነገር ወጋኝ ልበል?»

«አዎ! ወጋኝ በለኝ! ሰው ሚስቱን ያማል፣ አንተ አንድ ኮርቻ ማማት ያቅትህ?»

ቀስ ብሎ «ደመናሽስ?» አለኝ።

«ዘነበ።»

ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቶ ነበር። እኔም ሳቅኩና፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አለቀስኩም።

በማግስቱ በማለዳ ጠጋኙ ዘንድ አብረን ሄድን። ኮርቻውን አሰረና የውሃ ልክ አስቀመጠበት፤ «ዓይን ይዋሻል ጋሼ፣ ይሄ አይዋሽም። የፊት አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ካለ ይወጋል፣ ካዘቀዘቀ ያንሸራትታል» አለ። ባሌ ተቀምጦበት ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ እስኪል ድረስ ጠጋኙ ከፍታውን ሁለት ጊዜ አስተካከለለት። የመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ አመመው። አሁን ግን ይነግረኛል። «ዛሬ በቀኝ በኩል ቆንጠጥ አደረገኝ» ይላል፤ ሄዶ ያስተካክላል። ለስላሳውን ኮርቻ መስኮቱ ሥር አኖርኩት፤ ድመቷ ወደደችው። ለእሷ ደመና ነው።

ያ የተፈራው ወር ገባ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው በራችን ላይ ብስክሌቷ መደገፏን ነው። አንዳንድ ቀን የለችም፣ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። አብዛኛውን ቀን ግን አለች። ወሩ ሲያልቅ ኃላፊው ጠራው። ያን ቀን ፍራሽ ቤት መርፌ ሁለቴ ሰበርኩ። ስገባ ባሌ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

«ምን አለህ?»

«ምን ይላል፤ ጡረታህ እስኪደርስ ዙርህን ቀጥል አለኝ። ሩቁን ሰፈር ግን ወሰደብኝ፣ ለወጣቱ ሰጠው።»

«አዛውንቱ የሚኖሩበትን?»

«እሱን ትቶልኛል። ለምኜው ነው።»

ሩቁን ሰፈር በማጣቱ ከፍቶት ነበር። ምን ይደረጋል፣ ሁሉም አይገኝም። አጠገቡ ቁጭ አልኩና የሥራ ሱሪውን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁት። መሳሳት ጀምሯል። በቀኝም በግራም፣ እኩል። ሁለት ክብ ጨርቅ ቆረጥኩለት።