ያደሰ ይሳፈራል

ባለቤቴ አንድ ነገር ከከፈቱ መዝጋት አያውቁም። ጠመንጃ ጠጋኝ በነበሩበት ጊዜም እንዲሁ ነበሩ። ሰው ምላጩ ላላ ብሎ ያመጣውን ጠመንጃ ሰደፉን ሳይቀር ፈትተው፣ ቁርበት ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ያኔ ግን የሚጠብቀው የአገር ሰው ነው፤ ይቆጣል፣ ይስቃል፣ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ፣ ብረት ያውቃሉ ተብለው ጋራዡ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚጠብቃቸው ሌላ ሆነ።

አንድ ቀን ከአማኑኤል መንገድ አንዲት አሮጌ ካሚዮን፣ የጭነት መኪና፣ ተጎትታ መጣች። ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት አትወጣም። ጣሊያናዊው የጋራዡ ሹም በሦስት ቀን ውስጥ የሞተሩን የላይ ክዳን ብቻ ከፍተህ፣ ያረጀውን ለውጠህ ዝጋ ብሎ አዘዛቸው። በመጀመሪያው ቀን ክዳኑን ከፈቱ። በሁለተኛው ቀን ፒስቶኑ የሚመላለስበት ግድግዳ ተፍቋል ብለው ፒስቶኑን አወጡ። በሦስተኛው፣ መዝጋት በነበረባቸው ቀን፣ ከሥር ገብተው ሆዷን ዘረገፉት።

ምሳ ሳደርስ በአጥሩ በኩል አየሁት። ብረቱ ሁሉ ጆንያ ላይ ተደርድሯል። እኔ አራት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። ሹሙ ትእዛዝ ያጓደለ ሠራተኛ እንደሚያሳስር ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ላዩን ብቻ አይደል ያለዎት?» አልኳቸው።

«ላዩ ደኅና ሆኖ ታቹ ቢበሰብስ ምን ይረባል?»

«ቢበሰብስ፣ የእርስዎ ናት?»

ዘይት በነካው እጃቸው እየጎረሱ ዓይናቸው ጆንያው ላይ ነው።

እንዲህ ስንነዛነዝ የተቆረጠው ቀን አለፈ። ሹሙን ዛሬ ነገ እያሉ ያመላልሱታል፤ እኔ ስለ ልጆቹ ብለው ይዝጉት እላለሁ። ቢቸግረኝ የንስሐ አባታችንን ልኬ አስመከርኳቸው። አባም ጋራዡ ደርሰው ተመለሱና፣ ታቹ ለምን መከፈት እንዳለበት ለእኔው ያስረዱኝ ጀመር።

በማግስቱ ከምንጭ ውሃ ስቀዳ የሌላ የጋራዥ ሠራተኛ ሚስት አገኘችኝና ባለቤቴ መቼ እንደሚሄዱ ጠየቀችኝ። ወዴት አልኳት።

«ያደሰ ይሳፈራል፤ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ።

ደንቡን ያወጣው ሹሙ ነው። ሠራተኛ ሆን ብሎ እንዳያበላሽ፣ ሞተር ያደሰ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ደጀን ደርሶ ይመለሳል። የእሷ ባል ሁለት ጊዜ ሄዷል። በሁለተኛው አርበኞች ከአፋፍ ተኩሰው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሞቷል። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። የሚተኩሱት የእኛው ሰዎች ናቸው። እንዳይቀናቸው ብዬ እንዳልጸልይ ወገኖቼ ናቸው፤ እንዲቀናቸው ብዬ እንዳልጸልይ ባሌ ጭነቱ ላይ ሊቀመጡ ነው።

ምሳውን ይዤ ሄጄ ደንቡን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ያውቃሉ። ካሚዮኗ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያውቃሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ እንቅልፍ አጥተሽ እኔንም ትነሺኛለሽ። የምትመታው ዳገት ላይ የቆመችው ናት። እኔ የማትቆም ነው የምሠራው።»

ተናደድኩ። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ያን ሁሉ ቀን ባልጨቀጨቅኳቸው፣ አባንም ባላደከምኳቸው።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ዋናውን ዘንግ የሚሸከመው ለስላሳ ብረት ተበልቷል። አዲስ የለም፤ በእጅ እየፋቁ ማስተካከል ሁለት ቀን ይፈልጋል። ሹሙ ደግሞ ነገ ጠዋት ካልተዘጋ ወዮልህ ብሎ በአስተርጓሚ ዝቷል። እንዳለ ቢዘጋ ደጀን ታደርስ ይሆናል፤ ለመመለሷ ግን እርግጠኛ አይደሉም። ያን ቀን፣ ከተጋባን ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

ልጆቼን አሰብኩ። ሹሙን አሰብኩ። ዳገቱን አሰብኩ።

«ጥፊ ይድናል፣ እስርም ይፈታል» አልኳቸው። «አይዝጉት።»

ሁለት ቀን ፋቁ። ሹሙ በሰው ፊት በጥፊ መታቸው እንጂ አላሰራቸውም። ያን ሁሉ የተበተነ ብረት መልሶ የሚገጥምለት ሌላ ሰው አልነበረውም። እኔ ይህን አላሰብኩም፤ እሳቸው ግን አስበውታል። ይህንንም አልነገሩኝም።

ካሚዮኗ ሰኞ ሄደች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ በእግራቸው ወደ ደጃችን ሲመጡ ልጆቹ ሮጠው ተጠመጠሙባቸው። ተተኩሶባቸው ነበር፤ ካሚዮኗ ግን አልቆመችም። የእግር ውሃ ይዤ ቀረብኩ።

ገና ቁጭ ሳይሉ ወሬ ጀመሩ። ሹሙ ሥራቸውን ስለወደደው፣ በቁይ መንገድ ተበላሽታ የቆመች ሌላ ካሚዮን ተጎትታ እንድትመጣላቸው አዟል። እሷንም ካደሱ የሚሳፈሩባት እሳቸው ናቸው። የጥፊው እብጠት ከጉንጫቸው ገና አልጎደለም፤ እየሳቁ ከየት እንደሚጀምሯት ይነግሩኛል።

ውሃውን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩና፣ ራስዎ ይታጠቡ ብያቸው ወጣሁ።