ባንዳ ያልኳቸው ሰው

«ባንዳ» የሚለው ቃል አንገሽግሾኛል። ድሮ ባንዳ የሚባለው በጣሊያን ጊዜ ለወራሪው አድሮ፣ መንገድ እየመራ የገዛ ወገኑን ያስፈጀ ሰው ነበር። ዛሬ እኛ ሰፈር፣ ላፍቶ፣ ባንዳ ለመባል ከቤት መውጣት ይበቃል። ታክሲ ውስጥ ስለ መንገዱ ጉድጓድ ያማረረ ባንዳ ነው። የውጭ አገር ጫማ ይሻለኛል ያለች ባንዳ ናት። ፀጉር ቤት ውስጥ ብሔራዊ ቡድናችን ይሸነፋል ብሎ የገመተ ሰውዬ፣ ባንዳ ሲሉት ተናዶ ግማሹን ተላጭቶ ወጥቷል። በዚህ ሁሉ እስቅ ነበር። የእኔም አፍ አያርፍም።

የእድራችን ዳኛ ጎረቤቴ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቀብር ስንመለስ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ። አባታቸው ባንዳ ነበሩ፤ እውነተኛው ባንዳ። ጣሊያን ሲወጣ እናታቸው እሳቸውን አዝለው ከትውልድ ቀያቸው ጠፉ።

«ኋላም አዲስ አበባ የገባሁት የማን ልጅ ነህ የሚለኝ እንዳይኖር ብዬ ነው» አሉኝ።

ባለፈው ክረምት የእድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበት ቤት ለመንገድ ሥራ እንዲነሳ ተጠየቅን። ተሰብሳቢው ሁሉ አይነሳም አለ። ጋሼ ብቻ «መንገዱም የኛው ነው፤ ዕቃው እኔ ግቢ ይግባ» አሉ። ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ «ይሄማ ባንዳነት ነው!» አልኩ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። የጋሼን ፊት ያየሁት ጭብጨባው ሲያበቃ ነው።

በሳምንቱ ከእድሩ መውጣታቸውን በደብዳቤ አስታወቁ። በዚያ ዕድሜ ከእድር መውጣት ቀባሪ አልፈልግም ማለት ነው።

ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ። ለሽማግሌ ግን በደሉ ይነገራል። «ባንዳ ብያቸው ነው» ብል ይስቁብኛል፤ ማን ያልተባለ አለ? ለምን እንደከፋቸው ላስረዳ ካልኩ ደግሞ ምስጢራቸውን ላወጣ ነው። በቃሉም በአጨብጫቢውም ተቃጠልኩ፤ ከሁሉ በላይ በራሴ።

ብቻዬን ሄድኩ። እንደ ወትሮው ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰው ሁሉ እንዲሁ የሚለው ቃል ነው፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው» አልኳቸው።

«ልክ ነህ፣ ሰው እንዲሁ ይለዋል» አሉ። «ያጨበጨቡት ምንም አያውቁም። አንተ ግን ታውቅ ነበር።»